«ከወንዶች ስንተኛ ትወጣለች?»

የኢትዮጵያ ሴት ሯጭ በዓለም አደባባይ ባሸነፈች ቁጥር በገዳሪፍ የቡናና የሻይ መቀመጫዎች ላይ ደስታውን ተከትሎ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። አስቀድሞ ጭብጨባው ይሰማል፤ ከዚያ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ጥቂት ቆይቶም ከአንዱ ማዕዘን «መልካም፤ ግን ከወንዶች ጋር ብትሮጥ ስንተኛ ትወጣ ነበር?» የሚል ቃል ይወረወራል። ጥያቄው በአማርኛም በዐረብኛም ይጠየቃል። ለሰሊጥ ዐጨዳ ከመተማ የተሻገረው ሳሉግም፣ የገበያው ነጋዴም፣ ከስደተኛ ካምፕ ለጉዳይ ወደ ከተማ የመጣው ወጣትም ይጠይቁታል። ጠያቂው መልሱን ፈልጎ አይጠይቅም፤ መልሱን አስቀድሞ ይዞታል። የጥያቄ ልብስ የለበሰ ፍርድ ነውና። አባቶች «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው የተረቱትን ተረት የዘመኑ ሰው የሩጫ ሰዓት አስሮለት መልሶ አመጣው፤ ሴት ብትሮጥም በወንድ ያልቅ!

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ ይሰማል። አንደኛው ወገን ተቆጥቶ ልዩነቱን ይክዳል፤ «እኩል ሥልጠና ቢያገኙ ሴቶቹ ወንዶቹን በቀደሙ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ወገን አንገቱን ደፍቶ ይቀበልና የሴቶቹን ወርቅ ከወንዶቹ ወርቅ ያነሰ ወርቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ከልዩነቱ የሚወጣው ፍርድ ግን ሐሰት ነው። ሐሰትነቱም የቡና ወሬ ሆኖ አይቀርም፤ በዚህ ጠረፍ የሴት ልጅ ዕድል ከሚዘጋባቸው ቁልፎች አንዱ ሆኗል።

በመጀመሪያ ሒሳቡ ያለ ሽሽግ ይቅረብ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማራቶን ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕቱም በ2023 በቺካጎ 2 ሰዓት ከ00 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሮጠ፤ በዚያው ዓመት በበርሊን ትዕግሥት አሰፋ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። ልዩነቱ 9 በመቶ ተኩል ያህል ነው። በ10,000 ሜትር ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 የሮጠበት ጊዜ 26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት በ2024 የሮጠችበት ደግሞ 28 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሲሆን፣ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ጥቂት ያልፋል። በዝላይ ይሰፋል፤ የኩባው ሃቪየር ሶቶማዮር በ1993 በከፍታ 2 ሜትር ከ45 ሴንቲ ሜትር ሲዘል፣ የዩክሬኗ ያሮስላቫ ማሁቺክ በ2024 የዘለለችው 2 ሜትር ከ10 ነው፤ 14 በመቶ ያህል ይራራቃሉ። በረጅም ርቀት ዋና ደግሞ ይጠባል፤ በ1,500 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አሜሪካዊቷ ኬቲ ሌዴኪ በ2018 የዋኘችበት 15 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የአገሯ ልጅ ቦቢ ፊንክ በ2024 ከዋኘበት 14 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የሚርቀው ከ6 በመቶ ባነሰ ነው። በሜዳ ቴኒስም በ1998 በሜልቦርን በዓለም ደረጃ 203ኛ የነበረው ጀርመናዊ ካርስተን ብራሽ ወጣቶቹን እኅትማማቾች ሴሬናንና ቬነስ ዊሊያምስን በአንድ ቀን ተራ በተራ፣ አንዷን 6 ለ 1 ሌላዋን 6 ለ 2፣ አሸንፏቸዋል።

ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። እስከ ጉርምስና ድረስ ወንድና ሴት ልጅ በሩጫ ብዙ አይለያዩም። ከዚያ በኋላ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በወንዱ አካል ውስጥ ከሴቷ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ጡንቻውን ያዳብራል፣ አጥንቱን ያረዝማል፣ ልቡንና ሳምባውን ያሰፋል፣ በደሙ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከፍ ያደርጋል። ይህ የትጋት ውጤት አይደለም። ወንዱ ተኝቶ ሳለ የተሰጠው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን የሚክድ ወገን ሴቶችን የጠቀመ መስሎት ይጎዳቸዋል፤ የሴቶች ውድድር ለብቻው የቆመበት ምክንያት ይኸው ልዩነት ነውና። አጥሩን «የለም» ያለ ሰው አጥሩ ሲፈርስ ሊያለቅስ አይችልም።

እዚህ ላይ ጠያቂው ፈገግ ይላል፤ «እንግዲህ ተስማማን» ይላል። አልተስማማንም። ከሒሳቡ ወደ ፍርዱ ሲሻገር ድልድዩ ተሰብሯል። ድልድዩ መሰበሩን ለማየት ከወንዶቹ መካከል ማንም የማይደፍረውን ስም መጥራት ይበቃል፤ አበበ ቢቂላን።

አበበ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጀበት። በ1964 በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ በጊዜው ዓለም ያላየውን ፍጥነት አሳየ። ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን ከዚህ ጊዜ 18 ሰከንድ ቀድማለች። ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ ከተማ ወርቁን የወሰደው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ነው፤ ትዕግሥት ከእርሱ ከ8 ደቂቃ በላይ ትቀድማለች። በ10,000 ሜትርም እንዲሁ ነው። ቼክ አገር ያፈራው ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ወርቅ አገኘ፤ አልማዝ አያና በ2016 በሪዮ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር የሮጠችውም 29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። ዛቶፔክ በ1954 ያስመዘገበውን የዓለም ክብረ ወሰን ደግሞ ቢያትሪስ ቼቤት በ2024 በሰከንድ ሽራፊ አልፋዋለች።

ታዲያ «ስንተኛ» የሚለው ሚዛን እውነተኛ ሚዛን ከሆነ ጠያቂው ደፍሮ እስከ መጨረሻው ይመዝን። አበበ ቢቂላ ከአንዲት ሴት ኋላ የቀረ ሯጭ ነበር ይበል። ማሞ ወልዴም ከእርሷ ከ8 ደቂቃ በላይ ኋላ የቀረ ሯጭ ነበር ይበል። አይልም። ይልቁን ቶሎ ብሎ «ጊዜው ሌላ ነበር» ይላል፤ ጫማውን ያነሣል፣ የመንገዱን አስፋልት ያነሣል፣ የሜክሲኮን ከፍታ ያነሣል፣ በበርሊን ከትዕግሥት ፊት ፊት የሮጡትን ወንድ አሯሯጮች ያነሣል። ያነሣው ሁሉ እውነት ነው። የዛሬው ጫማ ከካርቦን ሳንቃ ጋር የተሠራ ነው፤ የአበበ እግር በሮም ጫማ አልነበረውም። አሯሯጮቹም ጥቅም አላቸው፤ ትዕግሥት በ2025 በለንደን ወንድ በሌለበት ውድድር ስታሸንፍ የሮጠችው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። ነገር ግን ጠያቂው ይህን ሁሉ በማንሣቱ የራሱን ሚዛን በራሱ እጅ ሰብሯል። ሰው የሚመዘነው በተሰጠው አካል፣ በቆመበት ዘመንና በተሰለፈበት ሰልፍ መካከል ባደረገው ነው ማለቱ ነውና። ለአበበ የተፈቀደው ፍትሕ ለትዕግሥት ስለምን ይከለከላል?

በቡጢ ስፖርት ይህ ፍትሕ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። በቀላል ክብደት ያሸነፈውን ሰው «ከከባድ ሚዛኑ ጋር ብትገጥም ስንት ደቂቃ ትቆም ነበር?» ብሎ የሚያሾፍበት የለም። ክብደቱ ሰልፉን ይለያል፤ ክብሩን አይቀንስም። የሴቶች ውድድርም እንዲሁ ሰልፍን መለየት ነው፤ ምጽዋት አይደለም።

ደግሞም ጠያቂው ሰማይና ምድር ያህል የሚራራቁትን ስፖርቶች ሁሉ በአንድ ቋት ይጨምራቸዋል። ጉልበትና ቁመት በማይፈርዱበት ቦታ «ስንተኛ» የሚለው ጥያቄ ሌላ መልስ አለው። በ1952 በሄልሲንኪ በፈረስ ግልቢያ ሴቶች ከወንዶች ጋር እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ፣ በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች የማይታዘዛት ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ወንዶቹን አስከትላ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። በ1992 በባርሴሎና ስኪት በተባለው የተኩስ ውድድር ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ ተሰልፈው ቻይናዊቷ ዛንግ ሻን ሁሉንም አሸንፋ ወርቅ አገኘች። ከአራት ዓመት በኋላ በአትላንታ ውድድሩ ለወንዶች ብቻ ሆነ፤ አሸናፊዋ ድሏን የምትከላከልበት መድረክ አጣች። ለሴቶች ለብቻው የተዘጋጀው በ2000 በሲድኒ ነው። በቼዝ ሃንጋሪያዊቷ ጁዲት ፖልጋር ወንዶችና ሴቶች በአንድነት ከሚሰለፉበት የዓለም ደረጃ 8ኛ ደርሳለች። በ2019 በእንግሊዝ ተራሮች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሮጥበት ውድድር ጃስሚን ፓሪስ ለሕፃን ልጇ የሚሆነውን ወተት በየማረፊያው እያለበች ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ገብታለች። እንግዲህ «ሴት ከወንድ ስንተኛ ናት?» የሚል አንድ ጥያቄ የለም። ለእያንዳንዱ ስፖርት የየራሱ ጥያቄ አለ፤ መልሱም ከሩቅ ኋላ እስከ አንደኛ ይደርሳል።

ከመልሱ በፊት ግን የሩጫው መነሻ ይታይ። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ «ለሴት ልጅ አካል የማይገባ» ተብሎ ውድድሩ እስከ 1960 ከኦሊምፒክ ወጣ። ማራቶን ለወንዶች በ1896 ተጀመረ፤ ለሴቶች በ1984፣ ከ88 ዓመት በኋላ። 10,000 ሜትር ለወንዶች በ1912፣ ለሴቶች በ1988። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ስታጠልቅ ርቀቱ ለሴቶች ከተፈቀደ ሁለተኛው ኦሊምፒክ ብቻ ነበር። በሩ ተዘግቶባት የኖረችን ሰው በሩ በተከፈተ ማግሥት «ስለምን ዘገየሽ?» ብሎ መጠየቅ ከሳሽንም ዳኛንም መሆን ነው።

ጠያቂው ከዚህ ሁሉ በኋላም አንድ የመጨረሻ መከላከያ አለው። «አቅማችን ጥቂት ነው፤ ሜዳውም፣ ገንዘቡም፣ አሠልጣኙም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሩቅ ለሚደርሰው ለወንዱ ይሰጥ» ይላል። ይህ ከሁሉ የከበደው ክርክር ነው፤ የሚመስል ነገር አለበትና። መልሱ በኢትዮጵያ የሜዳሊያ መዝገብ ላይ ተጽፏል። በ1992 በባርሴሎና ኢትዮጵያ ያገኘችው ወርቅ አንድ ነው፤ ያመጣችው ሴት ናት። በ1996 በአትላንታ የሴቶችን ማራቶን ከአፍሪካ ሴቶች ቀድማ ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ ናት። በ2012 በለንደን ኢትዮጵያ ሦስት ወርቅ አገኘች፤ ጥሩነሽ ዲባባ፣ መሠረት ደፋርና ቲኪ ገላና፤ ሦስቱም ሴቶች። በ2016 በሪዮ አንድ ወርቅ፤ አልማዝ አያና። በ2022 በዩጂን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ከአራቱ ወርቆች ሦስቱን ጎተይቶም ገብረሥላሴ፣ ለተሰንበት ግደይና ጉዳፍ ፀጋይ አመጡ። ሰንደቅ ዓላማው ሲሰቀል፣ መዝሙሩ ሲዘመር፣ በገዳሪፍም ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ «ይህ የሴት ወርቅ ነው፤ ግማሽ ዘምሩለት» ያለ የለም። ለክብር ሲሆን ሙሉ፣ ለድርሻ ሲሆን ጎዶሎ የሚሆን ወርቅ የለም። ጥቂት አቅም ሩቅ ለሚደርስ ይሰጥ ከተባለ፣ መዝገቡ ሩቅ የደረሱት እነማን እንደሆኑ ይናገራል።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ነገር ላይ ንጹሕ አይደለም። በአማርኛ ጀግንነት ያሳየችን ሴት ለማመስገን «ወንድ ናት» ይባላል፤ «ወንዳታ!» የሚለውም አድናቆት ከዚያው ጓዳ የወጣ ነው። ምስጋናው የሚደርሳት ከራሷ ጾታ ተነጥቃ ነው። በዐረብኛ «በጠል» ማለት ጀግና ማለት ነው፤ የውድድር አሸናፊም ማለት ነው፤ ለሴት «በጠላ» ይባላል፤ ቃሉ ጾታዋን ሳይነጥቅ ጀግና ያደርጋታል። በሱዳን ከሁሉ የሚወደደው የወንድ ሙገሳ ደግሞ «አኹ አል-በናት»፣ የልጃገረዶች ወንድም፣ የሚለው ነው። እኅቶቹን የሚጠብቅ፣ ለክብራቸው የሚቆም ወንድ እንደ ማለት ነው። በዚህ ስም መጠራት የሚወድ ሰው የእኅቱን ድል በሰከንድ ሲቀንስ መዋሉ ከስሙ ጋር አይስማማም።

ነገሩ በዚህ ጠረፍ ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው። በጥቅምት 2020 ለተሰንበት ግደይ በቫሌንሲያ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። አንድ ወር ሳይሞላ በትውልድ ምድሯ በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በሳምንታት ውስጥም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት ገባ፤ ከዚያም ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ካምፖች ተወሰደ። ከተሻገሩት መካከል በለተሰንበት የልጅነት ዕድሜ ላይ ያሉ ልጃገረዶች ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ ማን ምን ያህል ትሮጥ እንደ ነበር የሚያውቅ የለም፤ የሮጡት ከጦር ፊት ነው፤ ያቆሙትም ውሃ ለመቅዳትና እንጨት ለመልቀም ነው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ መንገዱ ተገልብጦ የሱዳን ቤተሰቦች በጋላባት በኩል ወደ መተማ፣ ወደ ኩመርና ወደ አውላላ ካምፖች ተሰደዱ። የድንበሩ ሁለት ወገን የሌላውን ልጃገረድ ሸክም በዓይኑ አይቷል።

የሱዳን ሴቶችም የተዘጋ በርን ታሪክ ያውቁታል። ሞና ጃቢር አደም በ2007 በአልጀርስ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ በ400 ሜትር መሰናክል ወርቅ ያገኘችው፣ የሴት አለባበስና አካሄድ በሕግ አስከባሪ በሚለካበት ዘመን ነው። የሴቶች የእግር ኳስ ሊግ በካርቱም የተጀመረው በመስከረም 2019 ነው፤ የሕዝብ ሥርዓት የተባለው ሕግ የተሻረው በዚያው ዓመት በኅዳር ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ ጦርነት መጣ። እንዲህ ያለ መነሻ ያላትን ልጅ ከወንድ ጋር በማስተያየት መጀመር፣ ዘር ያልተሰጠውን ማሳ በምርቱ መክሰስ ነው። በገዳሪፍ የኖረ ገበሬ እንዲህ ያለ ሒሳብ አይሠራም፤ ማሽላው ከመመዘኑ በፊት ዝናቡን ይጠይቃል።

«ስንተኛ ትወጣለች?» የሚለው ቃል ከቡና መቀመጫ ተነሥቶ ወደ ቤት ይገባል። ቤት ውስጥ «ብትሮጥስ ምን ልትሆን ነው?» ይሆናል። ትምህርት ቤት ሲደርስ የሴቶቹ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ወደ ጥላ መቀመጥ ይለወጣል። ካምፕ ሲደርስ አንዱ ኳስና አንዱ ሜዳ ከቀኑ ሰዓት ሁሉ የወንዶቹ ይሆናል፤ ማንም ክፉ ሳያስብ፣ ማንም ሳይወስን። ቃሉ የወሰነው ነውና። ሴት ልጅ ከወንድሟ ቀድማ ተነሥታ ውሃ ቀድታ፣ እሳት አንድዳ፣ ቡና አፍልታ ስታበቃ፣ ለሩጫ የሚቀራት ሰዓት ከወንድሟ ሰዓት በ10 በመቶ ብቻ የሚያንስ ቢሆን ኖሮ ዕድለኛ በሆነች ነበር።

ሌላም የተረሳ ሒሳብ አለ። ትዕግሥት በበርሊን እያንዳንዱን 400 ሜትር በአማካይ በ75 ሰከንድ ሮጣለች፤ እንዲህ እያለች የአንድን ስታዲየም ዙሪያ ከ105 ጊዜ በላይ የመዞር ያህል ሄዳለች። በዓለም ላይ ከእርሷ የሚቀድሙ ወንዶች በእርግጥ አሉ፤ የሁሉም ስም በመዝገብ ላይ ይገኛል። ከእርሷ ኋላ የሚቀሩት ወንዶች ግን መዝገብ አይበቃቸውም፤ ቁጥራቸው በቢሊዮን ነው። ጥያቄውን የሚወረውረው ሰው ከየትኞቹ ወገን እንደሆነ ለማወቅ ከፈለገ ነገ ማለዳ ፀሐይ ሳትከር ወደ ሜዳ ይውጣና አንዱን ዙር በ75 ሰከንድ ይሞክረው፤ ከቻለ ሁለተኛውን ይድገም።

ሲመለስ ደግሞ እኅቱን ይዞ መውጣት ይችላል። ሲፋን ሐሰን ገና በልጅነቷ ከኢትዮጵያ ወጥታ በኔዘርላንድ ጥገኝነት የጠየቀች ስደተኛ ነበረች። በ2024 በፓሪስ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ነሐስ ወስዳ፣ በማራቶኑ ትዕግሥትን በሦስት ሰከንድ ቀድማ ወርቁን አገኘች። በአንድ ኦሊምፒክ በእነዚህ በሦስቱም ርቀቶች ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ከእርሷ በፊት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የ1952ቱ ዛቶፔክ ነው። ሲፋን በደረሰችበት አገር የሮጠችበትን ሜዳ «ለወንዶቹ አይበቃም» ብሎ የከለከላት አልነበረም። በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ላሉት ልጃገረዶች ሊጠየቅላቸው የሚገባውም ይኸው ነው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት ሜዳ ተሰጣቸው፣ ስንቶቹስ ጫማ አላቸው፣ ማንስ ሰዓት ይዞ ቆመላቸው።